24 ዓመት ለ14 ቀን

እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1935 ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን በሁለት አህጉር ተወለዱ። ክሪስቶ ያቫቼፍ በቡልጋሪያዋ ጋብሮቮ፣ ዣን-ክሎድ ደ ጊየቦን በሞሮኮዋ ካዛብላንካ። የእሱ ቤተሰብ ኑሮ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር የተያያዘ ነበር፤ እሷ ያደገችው በፈረንሳይ የጦር መኮንን ቤት ነው። ሁለቱ ኋላ ተጋብተውና አብረው ሠርተው የፓሪስን ድልድይ፣ የበርሊንን ምክር ቤትና የኒውዮርክን መናፈሻ ለጥቂት ቀናት ሌላ መልክ አለበሷቸው። በከተሞች አደባባይ ካቆሟቸው ከእነዚያ ግዙፍ ሥራዎች ዛሬ በቦታው ያለ አንድም የለም፤ እንዲቆዩም አልፈለጉም። የቀረን ታሪካቸው ነው። ያ ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ከጨርቁና ከገመዱ ይልቅ ደጅ መጥናቱ፣ ክርክሩና ትዕግሥቱ ይበዛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስቶ በ1950ዎቹ በሶፊያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሪ ነበር። የዘመኑ መንግሥት ተማሪዎቹን በዕረፍት ቀናቸው ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። ኦሪየንት ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በሚያልፍበት መስመር ዳር ያሉ ገበሬዎች ድርቆሻቸውን አሳምረው እንዲከምሩ፣ የእርሻ መሣሪያቸውንም ለዓይን በሚማርክ ቦታ እንዲያቆሙ ማግባባት ነበረባቸው። አገሪቱ በባቡር መስኮት ለሚያያት ምዕራባዊ መንገደኛ የበለጸገች መስላ እንድትታይ ተፈልጎ ነው። ወጣቱ በዚያ ሥራ ስለ ሥዕል ግድ ከሌለው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን ለመደ፤ ሜዳና መንገድም እንደ ሸራ ሊሠራባቸው እንደሚችል አየ። በትእዛዝ የሚሠራን ጥበብ ግን አልቻለውም። በ1957 ከፕራግ በጭነት ባቡር ተሸሽጎ ቪየና ገባ፤ በተከታዩ ዓመት ፓሪስ ደረሰ። አገር አልባ ስደተኛ ነበርና የባለጸጎችን ምስል እየሣለ የዕለት ጉርሱን ይሸፍን ጀመር። ከደንበኞቹ አንዷ የዣን-ክሎድ እናት ነበሩ። የእሳቸውን ምስል ሊሥል ሲመላለስ ሁለቱ ተዋወቁ።

በበርሜል የታጠረ ጎዳና

በኦገስት 1961 የበርሊን ግንብ ቆመ። የኮሙኒስት አገር ድንበር ሰብሮ ለወጣው ክሪስቶ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ከዣን-ክሎድ ጋር መክረው፣ በፓሪስ ከሴን ወንዝ በስተግራ የሚገኘውንና ስፋቱ በአማካይ 3 ሜትር ብቻ የሆነውን የቪስኮንቲ ጎዳና በበርሜል ለመዝጋት አሰቡ። ለባለሥልጣናቱ አመለከቱ፤ ፈቃድ አላገኙም።

ጁን 27 ቀን 1962 ምሽት ላይ 89 የነዳጅ በርሜሎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረው ከ4 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድግዳ አቆሙ። በርሜሎቹን ቀለም አልቀቧቸውም፤ ዝገታቸውና የድርጅቶቹ ስም ተጽፎባቸው እንዳሉ ነበሩ። ሥራውን «የብረት መጋረጃ» አሉት። ጎዳናው ተዘጋ፣ ፖሊስ መጣ። ዣን-ክሎድ ፖሊሶቹ ለጥቂት ሰዓታት እንዲታገሡ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ግድግዳው ለ8 ሰዓት ያህል ቆሞ ፈረሰ።

ድፍረቱ የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን ሳይፈቀድ የቆመ ሥራ ዕድሜው የፖሊስ ትዕግሥት ያህል ብቻ ነው። የዚያን ምሽት ሥራ ዕድሜ ለጥቂት ሰዓታት ያራዘመውም የበርሜሎቹ ክብደት ሳይሆን የአንዲት ሴት አንደበት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓሥርት ዓመታት ጥንዶቹ በትልልቅ ከተሞች የሠሩት ሁሉ በዚህ ላይ የተገነባ ሆነ፤ ጎዳና የሁሉም ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ሊጠየቅ ይገባዋል።

በዚያው ሰሞን ክሪስቶ ሌላ ሐሳብ በወረቀት ላይ አሰፈረ። የናፖሊዮን መታሰቢያ የሆነው የድል ቅስት፣ አርክ ደ ትሪዮምፍ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታይበት የፎቶ ቅንብር ነበር። ይህን በእውን ለማየት የቻሉት ከእሱ በኋላ የቀሩት ናቸው።

የራስን ወጪ በራስ

በ1964 ጥንዶቹ ወደ ኒውዮርክ ተሻገሩ። ሐሳባቸው እየገዘፈ ሲመጣ የገንዘብ ጥያቄ አፈጠጠ። የመረጡት መንገድ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። የመንግሥት ድጎማ አይቀበሉም፣ ስፖንሰር አይፈልጉም፣ ተመልካችን የመግቢያ ዋጋ አያስከፍሉም። ክሪስቶ ለእያንዳንዱ ዕቅድ በእርሳስ፣ በከሰልና በፓስቴል ንድፍ ይሠራል፤ አንዳንዱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ፣ ካርታና የመሐንዲስ ልኬት ይለጥፍበታል። ዣን-ክሎድ እነዚህን ለሙዚየሞችና ለሰብሳቢዎች ትሸጣለች። ለዚሁ ጉዳይ ባቋቋሙት ኩባንያ ፕሬዚዳንቷ እሷ፣ ተቀጣሪው እሱ ነበር። ንድፎቹ ሁሉ የሚሠሩት ሥራው ከመቆሙ በፊት ነው፤ አንድ ዕቅድ ከተፈጸመ በኋላ ስለዚያ ሥራ ዳግመኛ ንድፍ አይሠራም።

ይህ ለነጻነታቸው ዋስትና ነበር። ገንዘቡ የእነሱ ስለሆነ «የእኔን ዓርማ ስቀሉ» የሚላቸው ነጋዴ የለም። ከንቲባም ሆነ የምክር ቤት አባል «የሕዝብ ገንዘብ ለጨርቅ ይባክናል» ብሎ ሊያስቆማቸው አይችልም። ከሕዝብ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቦታውን ለጥቂት ቀናት መዋስ።

ያን መዋስ በደንብ የተማሩት ከከተማ ውጭ ነው። በ1969 በሲድኒ አቅራቢያ 2.4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ በጨርቅ ሸፈኑ። በ1972 በኮሎራዶ ሁለት ተራሮች መካከል ብርቱካናማ መጋረጃ ዘረጉ፤ በ28 ሰዓት ውስጥ የተነሣው ኃይለኛ ነፋስ እንዲያወርዱት አስገደዳቸው። ከዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ 5.5 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ የጨርቅ አጥር 39.4 ኪሎ ሜትር እየተጥመዘመዘ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንዲሄድ አቀዱ። አጥሩ የሚያልፍበት መሬት የ59 ከብት አርቢዎች ይዞታ ነበር። ክሪስቶና ዣን-ክሎድ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ማዕድ ቤት ቁጭ እያሉ አስረዱ። 18 ጊዜ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቀረቡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደረሰ፤ 450 ገጽ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ተጻፈ። መጀመሪያ ነገሩን እንደ እብደት የቆጠሩ አርቢዎች በመጨረሻ በየስብሰባው እየተነሡ ይከራከሩላቸው ጀመር። በሴፕቴምበር 1976 አጥሩ ቆመ፤ ከ14 ቀን በኋላም ተነሣ። ክሪስቶ ከዚያ ወዲያ ስብሰባውን፣ ተቃውሞውንና ድጋፉን የሥነ ጥበቡ አካል ናቸው ማለትን አዘወተረ። ትክክል ነበር። ለማያውቀው ሐሳብ የሚከራከር ከብት አርቢ ከጨርቅ የበለጠ ሥራ ነው።

በሴን ወንዝ ላይ

በ1975 ዓይናቸውን ወደ ፓሪስ መለሱ። የመረጡት ፖን ኔፍን ነው፤ በከተማዋ ቆመው ካሉት ድልድዮች ሁሉ አንጋፋውን፣ ግንባታው በ1578 ተጀምሮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጠናቀቀውን። በ12 ቅስቶቹ ላይ በየቀኑ ሺዎች ያልፋሉ፤ ከሥሩ ጀልባ ይመላለሳል። እንዲህ ያለውን ቦታ ለመጠቅለል ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ የወንዝ ትራንስፖርቱና የቅርስ ጥበቃው ሁሉ መስማማት አለባቸው። የከተማዋ ከንቲባ ዣክ ሺራክ ውሳኔ ለመስጠት ዓመታት ፈጀባቸው። ጥንዶቹ ባለሥልጣን ከማሳመን ጎን ለጎን ከድልድዩ አካባቢ ነዋሪዎችና ባለሱቆች ጋር ሲነጋገሩ ከረሙ።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ 300 የሠለጠኑ ሠራተኞች ተሰማሩ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1985 ድልድዩ ተጠቅልሎ አለቀ። ወደ 41,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ የአሸዋ ድንጋይ ቀለም ያለው፣ ሐር የመሰለ ጨርቅ የቅስቶቹን ሆድ፣ የግንቡን ጎንና 44ቱን የመብራት ምሰሶዎች አለበሰ፤ 13 ኪሎ ሜትር ገመድ አጠበቀው። መኪናው መሄዱን፣ ጀልባው መመላለሱን አላቋረጠም። እግረኛው መንገድም በጨርቁ ተሸፍኖ ስለነበር ሰዉ በየቀኑ የሚሻገረውን ድልድይ በሥራው ላይ እየረገጠ ተሻገረ። በ14 ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ሰው አየው።

እዚህ ላይ የጨርቁ ምሥጢር ለብዙ ሰው ገባው። ጨርቅ ጌጡን፣ ቅርጻ ቅርጹንና ዝርዝሩን ይሸፍናል፤ የሚቀረው የአካሉ መጠንና አቋም ነው። ሰው በልማድ ማየት ያቆመውን ድልድይ ቅርጹ ብቻ ሲቀርለት እንደ አዲስ አየው። ጨርቁ ሲገፈፍ ደግሞ ድንጋዩን ዳግመኛ አየው። በከተማ መካከል የሚሠራ ጥበብ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ሊሰጥ አይችልም።

ነፋስና ኃላፊነት

በ1991 የሆነውን ሳይናገሩ ማለፍ ግን ይህን ታሪክ ማጉደል ነው። በኦክቶበር 9 ጥንዶቹ ያቆሟቸው ጃንጥላዎች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ በጃፓን ኢባራኪ 1,340 ሰማያዊ፣ በካሊፎርኒያ 1,760 ቢጫ። እያንዳንዱ 6 ሜትር ከፍታ፣ ከ8 ሜትር በላይ ስፋት ነበረው። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያልታሰበ ብርቱ ነፋስ አንዱን ጃንጥላ ከመሠረቱ ነቅሎ አንዲት ተመልካች ገደለ። ጥንዶቹ በሁለቱም አገር ጃንጥላዎቹ ወዲያው እንዲዘጉ አዘዙ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጃንጥላዎቹ ሲነሡ የክሬኑ ክንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነክቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ።

አደባባይ ላይ ትልቅ ነገር የሚያቆም ሰው ይህን ከልቡ ሊያወጣው አይገባም። በአዳራሽ ውስጥ የሚታይ ሥዕል ቢወድቅ ክፈፉ ይሰበራል፤ በመንገድ ዳር የቆመ ግዙፍ ነገር ቢወድቅ ሰው ይሞታል። የመሐንዲስ ስሌት፣ የነፋስ ፍተሻና የጥበቃ ሠራተኛ ከጥበቡ ውጭ ያሉ ጣጣዎች አይደሉም። የከተማ ባለሥልጣን ጥያቄ ሲያበዛ የሚበሳጭ አርቲስት እነዚህን ሁለት ሟቾች ያስብ።

በርሊን

የጉዟቸው ሁሉ ማዕከል የበርሊኑ ሥራ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1971 በበርሊን የሚኖር ማይክል ከለን የተባለ አሜሪካዊ በላከው ፖስት ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የራይሽታግ ሕንፃ ነበር። ከለን ይህንን ብትጠቀልሉትስ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ራይሽታግ ተራ ሕንፃ አይደለም። በ1894 ተመረቀ። በፌብሩዋሪ 1933 ተቃጠለና ናዚዎች ቃጠሎውን ተቃዋሚዎቻቸውን ለማጥፋት ተጠቀሙበት። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ባንዲራቸውን ሰቀሉበት። ከ1961 ወዲህ ግንቡ በጀርባው በኩል አለፈ። ሕንፃው በምዕራብ በኩል ቢሆንም ጀርባው የምሥራቁን ወሰን ይነካ ስለነበር የአራቱን አሸናፊ ኃያላን ጉዳይ ሁሉ ያስነሣ ነበር። ክሪስቶን የሳበው ይኸው ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብ አብረው ካልፈቀዱ የማይሠራ ሥራ መሆኑ። ከአንደኛው ወገን አምልጦ በሌላኛው ለተጠለለ ሰው ከዚህ የቀረበ ጉዳይ ሊኖር አይችልም።

በ1977 ጥያቄው ውድቅ ሆነ። በ1981 እንደገና ውድቅ ሆነ። በ1987 ለሦስተኛ ጊዜ ውድቅ ሆነ። በነዚያ ዓመታት ጥንዶቹ ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ንድፍ እየሸጡ፣ ወደ ጀርመን እየተመላለሱ ቆዩ። በ1989 ግንቡ ፈረሰ፤ በተከታዩ ዓመት ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ፤ በ1991 ዋና ከተማው ወደ በርሊን እንዲመለስ ተወሰነ። ራይሽታግ ከባዶ ሐውልትነት ወጥቶ የአንድ አገር ምክር ቤት ሊሆን ነው። የጀርመን ምክር ቤት የቡንደስታግ ፕሬዚዳንት ሪታ ዙስሙት ሐሳቡን ደገፉ። ክሪስቶና ዣን-ክሎድም ምክር ቤቱ ያኔ ይሰበሰብበት ወደነበረው ቦን ከተማ ገብተው የምክር ቤት አባላቱን ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ ያነጋግሩ ጀመር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከብት አርቢዎቹን እንዳነጋገሩት ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 ምክር ቤቱ ለጉዳዩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰጥቶ ተከራከረ። መራሔ መንግሥቱ ሔልሙት ኮል ሐሳቡን ይቃወሙ ነበር። የፓርቲያቸው መሪ ተናጋሪ ቮልፍጋንግ ሾይብለም የአገር ምልክት የሆነ ሕንፃ የሙከራ መጫወቻ ሊሆን አይገባም፣ ሕዝብንም ይከፋፍላል ብለው ሞገቱ። ይህ ተራ ሥጋት አልነበረም። አንድ ሕዝብ ለከባድ ታሪኩ ምልክት መጨነቁ መብቱ ነው፤ ክርክሩንም ያከበረው የተቃዋሚዎቹ ቁም ነገረኛነት ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ዴሞክራሲያችን በራሱ የሚተማመን መሆኑን እናሳይ አሉ። ጥንዶቹ በተመልካች ሰገነት ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፤ 292 ድጋፍ፣ 223 ተቃውሞ፣ 9 ድምፀ ተአቅቦ። የአንድ የሥነ ጥበብ ሥራ መኖር ወይም አለመኖር በአንድ አገር ምክር ቤት ክርክርና ድምፅ ተወሰነ። ለዚህ ሥራ በትእዛዝ የጸደቀ ፈቃድ ቢገኝለት ኖሮ ግማሽ ትርጉሙን ባጣ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥንዶቹ ሌላም ነገር አስተካከሉ። እስከዚያ ድረስ ሥራዎቹ ይታወቁ የነበረው በክሪስቶ ስም ብቻ ነው። ከ1994 ጀምሮ የአደባባይ ሥራዎቹ ሁሉ፣ ቀድሞ የተሠሩትም ጭምር፣ በሁለቱም ስም እንዲጠሩ አደረጉ። ንድፉ የእሱ እጅ ነው፤ ሥራው ግን የሁለቱ ነበር።

ዝግጅቱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ጨርቁ 100,000 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ገጹ በአሉሚኒየም የተለበጠ ወፍራም የፖሊፕሮፕሊን ሽመና ነበር። የሕንፃው ገጽ ከሚጠይቀው በላይ የሆነው በዕጥፋት እንዲወርድ ስለተፈለገ ነው። በልኩ ተሰፍተው የተዘጋጁ 70 ቁራጮች ነበሩት። ቅርሱ እንዳይጎዳ በጣሪያው ላይ ባሉት ሐውልቶችና የድንጋይ ማስጌጫዎች ዙሪያ የብረት ጎጆ ተሠራ፤ ጨርቁ ድንጋዩን ሳይነካ በጎጆዎቹ ላይ ያርፋል። ጁን 17 ቀን 1995 ሥራው ተጀመረ። ሕንፃው በመወጣጫ አልታጠረም። 90 ተራራ ወጪዎች ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥለው፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ጨርቅ እየፈቱ አብረውት ቁልቁል ወረዱ፤ ሌሎች 120 ሠራተኞች ከላይና ከታች ያግዟቸው ነበር። ከዚያ 15.6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሰማያዊ ገመድ ጨርቁን አጠበቀው።

ጁን 24 ሥራው ተጠናቀቀ። ብርማው ሕንፃ ጠዋት ሌላ፣ ዳመና ሲሆን ሌላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ሌላ ቀለም ይይዝ ነበር። በፊቱ ያለው ሣር ሜዳ ሌሊቱን ሙሉ በሰው ተሞላ፤ ሰዉ ብርድ ልብስ አነጠፈ፣ ዘፈነ፣ ጨርቁን በእጁ ዳሰሰ። በ2 ሳምንት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሰው መጣ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በቃጠሎ፣ በጦርነትና በግንብ ይታወቅ የነበረ ቦታ ሕዝቡ በደስታ የሚሰበሰብበት ሜዳ ሆነ። ይራዘምልን የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ጥንዶቹ አልተቀበሉም። 14 ቀን ተብሎ ተፈቅዷል፣ 14 ቀን ይሆናል። ጁላይ 7 ማንሣት ተጀመረ፤ ጨርቁም ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ተደረገ። የሕንፃው እድሳት ቀጠለ፤ በ1999 ዛሬ የምናውቀው የመስታወት ጉልላት ያለው ምክር ቤት ሆኖ ሥራ ጀመረ።

ለ14 ቀን 24 ዓመት መድከም ምን ይሉታል የሚል ሰው አለ። ሠርግ ለአንድ ቀን ነው ብሎ ድግሱን የሚያጎድል ወላጅ ግን አናውቅም። የሚቆየው ቀኑ አይደለም፤ በቀኑ የተገናኘው ሰውና የተባባለው ነገር ነው።

በኒውዮርክ በሮች ሥር

ኒውዮርክ የራሳቸው ከተማ ናት፤ እሺ ለማለት ግን ከሁሉም በላይ ቆየች ማለት ይቻላል። በ1979 በሴንትራል ፓርክ የእግር መንገዶች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የጨርቅ መጋረጃ ያላቸው በሮች ለማቆም ጠየቁ። በ1981 የከተማዋ የመናፈሻዎች ኃላፊ ጎርደን ዴቪስ ረዥም ዘገባ ጽፈው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። ፓርኩ በዚያን ጊዜ ክፉኛ የተጎሳቆለ ነበር፤ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ለእያንዳንዱ ምሰሶ አፈሩን መቆፈር ያስፈልግ ነበር፤ የዛፎቹ ሥርም ያሠጋ ነበር።

ጥንዶቹ እምቢታውን እንደ ስድብ አልወሰዱትም፤ አነበቡት እንጂ። ዕቅዱን ቀየሩት። የበሮቹን ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሱ። ጉድጓድ መቆፈሩን ሙሉ በሙሉ ትተው እያንዳንዱ ምሰሶ በራሱ ክብደት በሚቆም የብረት መሠረት ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። እያንዳንዱ መሠረት ከ270 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከአስፋልቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሲያበቃም ተነሥቶ ይሄዳል። ወቅቱን ወደ ፌብሩዋሪ ወሰዱት፤ ዛፉ ቅጠል የለውምና በሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። በጃንዋሪ 2003 ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ፈቃዱን አወጁ። ጥንዶቹ ለፓርኩ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠትም ተስማሙ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2005 ጠዋት ከንቲባው የመጀመሪያውን መጋረጃ ለቀቁ። ከዚያ ሠራተኞች ከበር በር እየሄዱ በረዥም ዘንግ ማሰሪያውን ሲስቡ ተጠቅልሎ የነበረው ብርቱካናማ ጨርቅ እየተፈታ ወረደ። በሮቹ 7,503 ነበሩ፤ 37 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ሸፈኑ። ቁመታቸው ወደ 4.9 ሜትር ሲሆን ጨርቁ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያበቃል፤ ረዥም ሰው እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይወዛወዛል፤ ግራጫው ፓርክ ቀለም ያገኛል። ግራጫ ሰደርያ የለበሱ ተከፋይ ሠራተኞች የተጠላለፈውን ጨርቅ በዘንግ ያስተካክላሉ፣ ለጠያቂ ያስረዳሉ፣ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭም ለመታሰቢያ ይሰጣሉ። በ16 ቀን 4 ሚሊዮን ሰው እንደጎበኘው ተገመተ። ወጪው 21 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ከተማዋ በበኩሏ የ254 ሚሊዮን ዶላር የንግድ እንቅስቃሴ እንዳገኘች ገመተች።

የ1981ዱ እምቢታ ባይኖር ኖሮ የተሻለው ዕቅድ አይወለድም ነበር። ከተማዋ ስለ አፈሯና ስለ ዛፎቿ ተናገረች፤ አርቲስቶቹ ሰሙ፤ ሥራው ቀለል ብሎና ተሻሽሎ መጣ።

ያለ እነሱ የተፈጸመው

ዣን-ክሎድ በኖቬምበር 2009 በ74 ዓመቷ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች። ክሪስቶ ሥራውን ቀጠለ። በ2016 በጣሊያን ኢዜኦ ሐይቅ ላይ 220,000 የፕላስቲክ ኪዩቦች አያይዞ በቢጫ ጨርቅ የተሸፈነ ተንሳፋፊ መንገድ ዘረጋ፤ በ16 ቀን 1.2 ሚሊዮን ሰው በውኃ ላይ ተራመደ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የደከመበትን የወንዝ ዕቅድ በራሱ ፈቃድ ተወው። ቦታው የፌዴራል መንግሥቱ ነበር፤ ክሪስቶ ደግሞ ከአዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አስተዳደር ጋር መሥራት አልፈለገም። ሲጠይቅ የኖረ ሰው እሱም እምቢ ማለት እንደሚችል አሳየ።

የፓሪሱ የድል ቅስት ሐሳብ እንደገና የተነሣውም በዚህ ዘመን ነው። በ2019 የፈረንሳይ የቅርስ ማዕከልና ፖምፒዱ ማዕከል በተሳተፉበት ስምምነት የድል ቅስቱን የመጠቅለል ዕቅድ ይፋ ሆነ። ቀኑ መጀመሪያ ለ2020 ጸደይ ተያዘ፤ በቅስቱ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ጭልፊቶች በዚያ ወቅት ጫጩት ያሳድጋሉ ተብሎ ወደ መኸር ተላለፈ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ሜይ 31 ቀን 2020 ክሪስቶ በ84 ዓመቱ አረፈ።

ንድፉ አልቋል፤ የጨርቁ ዓይነትና የገመዱ ቀለም ተወስኗል። የክሪስቶ የወንድም ልጅ ቭላዲሚር ያቫቼፍ ሥራውን መርቶ ከፍጻሜ አደረሰ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2021 የድል ቅስቱ 25,000 ካሬ ሜትር ብርማ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ፣ በ3 ኪሎ ሜትር ቀይ ገመድ ታስሮ ለሕዝብ ተከፈተ። ወጪው 14 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሲሆን የተሸፈነው በክሪስቶ ንድፎች ሽያጭ ነው። በቅስቱ ሥር ባለው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ የሚነደው እሳት አንድም ቀን አልጠፋም፤ በየምሽቱ የሚደረገው ሥነ ሥርዓትም አልተቋረጠም። በቅዳሜና እሑድ በዙሪያው ያለው ታላቅ አደባባይ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቀቀ። ኦክቶበር 3 ሥራው አበቃ።

በ1962 የቪስኮንቲን ጎዳና ያለ ፈቃድ የዘጉት ወጣቶችና በ2021 በፓሪስ ታላቅ አደባባይ ሥራቸው የቆመላቸው ሰዎች እነዚያው ናቸው። በመካከል የተለወጠው የጥበባቸው ድፍረት አይደለም፤ ድፍረታቸው ጨመረ እንጂ። የተለወጠው ለሕዝብ ያላቸው አክብሮት ነው። ገበሬውን፣ ባለሱቁን፣ የምክር ቤት አባሉን፣ የመናፈሻ ኃላፊውን፣ ለጭልፊቶቹ የሚሟገተውንም ጭምር እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ባለቤት ቆጠሩ። ዛሬ በየከተማው አደባባይ ላይ ትልቅ ነገር ማቆም የሚሹ አርቲስቶችና ሹማምንት ብዙ ናቸው፤ ገንዘብና ክሬን ያላቸውም አሉ። ከዚህ ታሪክ ሊወስዱ የሚገባቸው የጨርቁን ስፋት አይደለም። ቦታው የማን እንደሆነ ማወቅ፣ ባለቤቱን ጠይቆ መልሱን እስኪሰጥ መጠበቅ፣ የተዋሱትንም እንደነበረ መመለስ ነው። ይህን ያላደረገ ሥራ ምንም ያህል ቢገዝፍ የከተማው ሕዝብ የእኔ አይለውም።